ፒኤች 5.1 ብዬ የተዋረድኩበት ቀን

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም። ከታች ያለውን ስሕተት የሠራው ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው መሆኑን ስታውቁ የእናንተ ስሕተት ቀለል ይልላችኋል ብዬ ነው።

የምኖረው ምሥራቅ ጎጃም፣ ደጀን አካባቢ ነው። ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ አባይ በረሃ የሚወርድበት ጠርዝ ላይ። በዚህ በኩል በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ያስታውሳል። የገደሉን ቀለም ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ከላይ ጥቁር ድንጋይ ነው። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ በታች ደግሞ ነጣ ያለው ጂፕሰም አለ። ሲሚንቶ ዋናው ነገሩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ጂፕሰምም ጥቂት ይገባበታል። ስለዚህ ካባ እኛ ጋ መከፈቱ ማንንም አልገረመም።

ካባው ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከሰፈራችን በላይ፣ እናቶች ውሃ ከሚቀዱበት ጅረት አጠገብ። የድርጅቱን ስም አልጽፍም፤ የጅረቱንም እንደዚሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው ደስ ብሎት ነበር። ልጆቻችን የቀን ሥራ አገኙ። ከዚያ ድማሚቱ መጣ፣ አቧራው መጣ። በ2009 ክረምት ደግሞ በሰፈሩ ብዙ ሕፃናት ተቅማጥ ያዛቸው። «ውሃውን መረዙት» የሚለው ወሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከጠላ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተዳረሰ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለውን እኛ ጋ ሰው ሲተርተው አይስቅም።

የእድሩ ሰዎች ቤቴ መጡ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ውሃውን መርምርልን» አሉኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ ወይም ቢያንስ ጊዜ ስጡኝ ማለት። ግን ልቤ አበጠ። እሺ አልኩ።

የትምህርት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ እስክሪብቶ የምታክል ፒኤች ሜትር ነበረች። ፒኤች የውሃን አሲድነት የሚናገር ቁጥር ነው፤ 7 መሐሉ ነው፣ ከዚያ ባነሰ መጠን አሲድ ነው። ሁለት ዓመት ሳትነካ የተቀመጠች። ባትሪ ቀየርኩላትና ወረድኩ። ከእናቶች መቅጃ ላይ በሃይላንድ ውሃ ቀዳሁ። ሃይላንዱ ከየት እንደመጣ እንኳን አልጠየቅሁም። ሜትሯን ነከርኳት። 5.1 አለች። ከዚያ በፊት ኢንተርኔት ላይ ስለ ወርቅና ስለ ድንጋይ ከሰል ማዕድን ሳነብ አምሽቻለሁ። ድኝ ያለበት ድንጋይ ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይወጣዋል፤ ወንዙ ብርቱካንማ ይሆናል፤ ዓሣው ያልቃል። ያነበብኩት ታሪክ ከቁጥሯ ጋር ገጠመልኝ። በቃ። ውሃው አሲድ ሆኗል አልኩ። ለእድሩ ነገርኩ። ተማሪዎቼም ሰሙ።

ታኅሣሥ 2010 ወረዳው ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ሞላ። ከድርጅቱ አንድ ወጣት የአካባቢ ባለሙያ መጥቷል። እኔ ተነስቼ «ፒኤቹ 5.1 ነው!» ስል ሰው አጨበጨበልኝ። እሱ ግን እጁን አውጥቶ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«መምህር፣ መሣሪያዎን በባፈር ያስተካከሉት መቼ ነው?»

ዝም አልኩ። ባፈር ማለት ፒኤቹ አስቀድሞ የታወቀ፣ ሜትር የሚስተካከልበት ፈሳሽ ነው።

«ከካባው በላይ የቀዱት ናሙና አለዎት?»

አሁንም ዝም።

«በኖራ ድንጋይ ላይ የሚሄድ ውሃ እንዴት ነው 5 የሚሆነው?»

ይቺ ሦስተኛዋ ገደለችኝ። እኔ ራሴ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የማስተምረው ነገር ነው። የኖራ ድንጋይ ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲያገኝ አሲዱን ያረክሰዋል፤ የኖራ ድንጋይ ስባሪ ላይ ሎሚ ጨምቁና እዩት። እንደኛ ባለ አገር የጅረት ውሃ ከ7 በላይ ቢሆን ነው ወጉ። ሜትሯ ደርቃ ተበላሽታ ነበር። የብርጭቆ ጫፏ ሁልጊዜ በማስቀመጫ ፈሳሿ ረጥቦ መቀመጥ አለበት፤ በደረቁ ከተተወ ቁጥሩ የማይታመን ይሆናል።

ከአዳራሹ ስወጣ የሰላምታውም ነገር ቀዘቀዘ። ከሁሉ የከፋው የኔ ውርደት አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ስለ ውሃው በተናገረ ቁጥር «ያ የመምህሩ አሲድ ነው?» ተብሎ መሳቂያ ሆነ። እውነተኛ ችግር ቢኖርም እኔ ዘግቼበታለሁ ማለት ነው። ሳታረጋግጡ ቁጥር አደባባይ ያወጣችሁ እንደሆነ፣ ቁጥሩ ሲወድቅ እናንተን ብቻ ይዞ አይወድቅም።

አንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ መሪጌታ ጠሩኝ። ቅኔ ለዘረፈ ሰው አንድ ቃል ይበቃዋል፤ እሳቸውም ብዙ አላወሩም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የሚባለው። አንተ ከመሐል ጀመርክ» አሉኝ። ተረቱን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን እንደ ሥራ መመሪያ ሰማሁት፤ ከምንጩ ጀምር።

ጥር 2010 ላይ እንደገና ጀመርኩ፤ በዚህ ጊዜ ከአሥራ አንድ ተማሪዎች ጋር። አዲስ ሜትር ገዛሁ፤ ኮንዳክቲቪቲም የምትለካ። ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨውና ማዕድን ሲበዛ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይጨምራል፤ እሱን ነው የምትነግረን። ባፈርም አብሬ ገዛሁ፣ የ7ና የ10። የእናንተ ውሃ ወደ አሲድ የሚያደላ ከሆነ የ4 እና የ7 ይሻላችኋል። በወጣን ቁጥር ጠዋት ጠዋት ሜትሯን ባፈር ውስጥ ነክረን ያነበበችውን ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ስንመለስም እንደገና። አሰልቺ ነው። ግን ያ ወጣት ጥያቄውን ቢደግመው መልሱ ደብተሩ ውስጥ ተቀምጧል።

ከዚያ ቦታ መረጥን። አንድ ነጥብ ከካባው በላይ፣ ምንም የካባ ነገር የማይደርስበት። አንድ ከካባው በታች፣ ውሃው በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ። ሦስተኛው የእናቶች መቅጃ። ድንጋይ ላይ ነጭ ቀለም ቀባን፤ በስልክም የቦታውን ጂፒኤስ ያዝን። ቀለሙን ንቃችሁ እንዳትተዉት። ተማሪ ይቀየራል፤ «እዚያች ዛፍ ጋ» የሚባለው ዛፍም ይቆረጣል።

በመጀመሪያው ቀን ኮንዳክቲቪቲው ከላይ 310 ማይክሮሲመንስ ሆኖ አገኘነው። ከታች 1,240። ተማሪዎቼ ጮኹ። እኔም ውስጤ ጮኸ፤ ያዝኳቸው! አራት እጥፍ! ስልኬን አውጥቼ ለእድሩ ሊቀመንበር ልደውል ስል ያ አዳራሽ ትዝ አለኝ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። «ከዚህ እስከ ላይኛው ነጥብ በየሃምሳ እርምጃው እየለካን እንውጣ» አልኩ።

ሙሉ ከሰዓቱን ፈጀብን። 1,240። 1,230። 1,250። የካባው ፍሳሽ የሚገባበት ቦይ ጋ ደረስን፤ ቦዩ ደረቅ ነበር። ከእሱ በላይም 1,230። ተያየን። ሌላ ሃምሳ እርምጃ፣ ሌላ ሃምሳ። ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ስናልፍ ድንገት 310 ሆነ። ወደ ኋላ ተመለስን። በወዲያኛው ዳር፣ በሣር ተሸፍና፣ ክንድ የማትሞላ ምንጭ ትገባለች። ዳር ዳሯ ነጭ ቅርፊት ሠርታለች። ሜትሯን ስንነክር ከ2,000 በላይ አለች።

እዚያ አቅራቢያ እንጨት የሚለቅሙ አንዲት እናት ነበሩ። ግራ መጋባታችንን አይተው ሳቁ። «ይቺ'ማ ቦሌ ናት ልጄ። ከብቱ ይወዳታል። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣም እንዲሁ ነበረች። ሳሙና አረፋ አይወጣላትም። የማያውቃት እንግዳ ከጠጣት ደግሞ ሌሊቱን ጓሮ ነው የሚያድረው።»

ላብራቶሪም የነገረን ይህንኑ ነው። ሰልፌት። ጂፕሰም ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ሁለት ግራም ያህል ያሟሟዋል። ሰልፌት ከ250 ሚሊ ግራም በሊትር ሲያልፍ ጣዕሙ መታወቅ ይጀምራል፤ በጣም ሲበዛ ያልለመደውን ሆድ ያላላል። ካባው ሳይከፈት፣ ኧረ እኛም ሳንወለድ፣ ምድሪቱ ራሷ ስታፈሰው የኖረችው ነው። ያን ቀን ብደውል ኖሮ ሁለተኛው ውርደት ከመጀመሪያው ይብስ ነበር።

ስለዚህ ላይና ታች ነጥብ ከመረጣችሁ በኋላ በመሐላቸው ያለውን ዳር ሁለቱንም በእግራችሁ ሂዱበት። የሚገባ ምንጭ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የከብት መውረጃ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ካለ መዝግቡ። የሰፈሩን አሮጊቶችም ጠይቁ። ከየትኛውም መሣሪያ ይልቅ ረጅም ዘመን የለኩት እነሱ ናቸው። እኛ ነጥባችንን አራት አደረግነው፤ የቦሌዋን ምንጭ ጨምረን።

አቀዳዱንም ያኔ ነው የተማርነው። ፊታችሁን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ፤ ከእግራችሁ የተነሳው ደለል ወደ ጠርሙሱ እንዳይገባ። ከመሐል ቅዱ እንጂ ከቆመው ዳር አይደለም። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ለባክቴሪያ የተሰጣችሁን ንጹሕ ጠርሙስና ላብራቶሪው አሲድ ጨምሮ የሰጣችሁን የብረታ ብረት መመርመሪያ ጠርሙስ ግን ፈጽሞ አታለቅልቁ። እኔ አንዱን አለቅልቄ ሁለት መቶ ምናምን ብር ውሃ በላው። በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ሲረጥብ ይጠፋል።

ላብራቶሪውንም ቢሆን በየዋህነት አትመኑት። ከአንድ ቦታ ሁለት ጠርሙስ ቅዱና የተለያየ ቁጥር ስጡት፤ እነሱ ሳያውቁ። እኛ በአንዱ ዙር ሁለቱ መንትያዎች በጣም የተራራቀ ቁጥር ይዘው መጡ። ደወልን፣ ደገሙት፤ ስሕተት ነበር። ሳንፈትናቸው ብንቀር የትኛውን እንደምናምን አናውቅም ነበር። አርሴኒክና እርሳስ የተባሉትን መርዞችም አስመረመርን፤ ገንዘቡ ከደመወዜ ላይ ጠባሳ ጥሎ ነው የሄደው። ሁለቱም ከሚፈቀደው በታች ሆነው መጡ። አርሴኒክ ለመጠጥ ውሃ የሚፈቀደው 0.01 ሚሊ ግራም በሊትር ነው፤ እኛ ጋ እዚያ አልደረሰም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ቅር አለኝ። ይህን ስሜት ሲመጣባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ክሱን ከውሃው በላይ መውደድ ስትጀምሩ የሚመጣ ነው።

ናይትሬቱ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነበረው። ከድማሚት ጋር የሚሠራበት አሞኒየም ናይትሬት ሳይነድ የቀረው ወደ ውሃ ይገባል ብዬ አንብቤያለሁ፤ እውነትም ነው። ነሐሴ ላይ ስንለካ ከካባው በታች ከፍ ብሎ አገኘነው። ግን ከላይም ከፍ ብሏል። ነሐሴ ጤፍ ላይ ዩሪያ የሚረጭበት ጊዜ ነዋ! ጥር ላይ ግን ዩሪያ የሚረጭ የለም፣ ድማሚቱ አላቋረጠም። በጥር ስንለካ ከላይ ምንም የለም፤ ከታች ትንሽ አለ። ጎጂ ከሚባለው ከ50 ሚሊ ግራም በሊትር በብዙ ያነሰ። ያቺ ትንሽ የእነሱ ናት። የነሐሴው ግን በአብዛኛው የራሳችን ነበር።

ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ድንጋይ ይገልብጥ። እውነቴን ነው። ከጅረቱ ውስጥ ድንጋይ አንስታችሁ ሥሩን እዩ። ሦስት ጭራ ያላቸው ጠፍጣፋ ነፍሳት፣ ከጠጠር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ትሎች ካሉ ውሃው ደህና ነው፤ እነሱ ቆሻሻ አይችሉም። አልቅትና ቀይ ትል ብቻ ከቀረ ነገር አለ ማለት ነው። ተማሪዎቼ ከሜትሩ ይልቅ የወደዱት ይህን ነው። ከካባው በታች ያለው ድንጋይ ሥሩ በደለል ተለስኖ ነበር፤ ነፍሳቱም አልነበሩም። ያኔ ነው መርዝ መፈለጉን ትተን ጭቃ መፈለግ የጀመርነው።

ግን በለካን ቁጥር ውሃው ጥርት ያለ ነው። ወር ሙሉ፣ ሁለት ወር። አንድ ቀን ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ ሲያየን ቆየና «ቲቸር፣ እናንተ የምትመጡት ሁልጊዜ ብራ ሲሆን ነው እኮ» አለኝ። «ውሃው ሻይ በወተት የሚመስለው ዝናብ የጣለ ለት ነው።»

ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንወርደው ትምህርት ስለሌለና መንገዱ ስለማይጭቀይ ነው። ለእኛ የሚመቸው ቀን ደግሞ ለካባውም የሚመች ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የድፍርስ መለኪያ ቱቦ ሠራን። ግልጽ የሆነ ረጅም ፕላስቲክ ቱቦ፣ ሥሩ ተደፍኖ ጥቁርና ነጭ መስቀል የተሳለበት። ውሃውን እየጨመራችሁ ከላይ ታያላችሁ፤ መስቀሉ ሲጠፋ የውሃውን ከፍታ በሳንቲ ሜትር ታነባላችሁ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውሃው የደፈረሰ ነው። ሌሊት ለሚመጣ ጎርፍ ደግሞ ወፍራም እንጨት ተከልንና ጠርሙሶች በየከፍታው አሰርን። ክዳናቸው ላይ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ አለ፤ አንዱ ውሃ ማስገቢያ፣ አንዱ አየር ማስወጫ። ውሃው ሲያድግ ራሱ ይሞላቸዋል። ጠርሙሶቹ ሃይላንድ ነበሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን አጥበናቸዋል።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የጣለው በሰኔ 2011 መጀመሪያ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በረዶ ነበረበት፤ ቆርቆሮው ሰው አላነጋግር አለ። ንጋት ላይ ጋቢዬን ደርቤ ከሁለት ትልልቅ ልጆች ጋር ወረድኩ። ጅረቱ ገና ሙሉ ነበር። ላይኛው ነጥብ ላይ ቱቦው 19 ሳንቲ ሜትር አለ፤ የእርሻ አፈር አለበት፤ ይሄ ያለ ነው። ከካባው በታች ስንለካ 3 ሳንቲ ሜትር። ደገምን። 3። ጠርሙሶቹን ፈታናቸው። የታችኞቹ ሥራቸው ላይ ጣት የሚያክል ነጭ ጭቃ አቁረዋል። የእርሻችን አፈር ቀይ ነው። ነጭ አፈር ያለው ካባው ጠርጎ ቁልቁለቱ ላይ የከመረው ክምር ውስጥ ብቻ ነው።

በደስታ ልዘል ስል አዳለጠኝ። ልጆቹ በገመድ ይዘውኝ ስለነበር እኔ ተረፍኩ፤ ሜትሯ ግን ከእጄ አመለጠች። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል፤ የኔንም ፒኤች ሜትር ይዞ ሱዳን ገብቷል። እየሳቅሁ ነው የምጽፈው፤ ያን ዕለት ግን ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። በጎርፍ ጊዜ ብቻችሁን አትውረዱ፤ ገመድ ያዙ፤ ከጉልበት በላይ ከሆነ አትግቡ። ናሙና ሌላ ቀን ይገኛል።

ሌላው የተጠቀምንበት ነገር ወረቀት ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። አዋጅ 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ማሳየት ሳያስፈልገው፣ ብክለት አለ ብሎ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት የማለት መብት ይሰጠዋል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሰነዱን ለማየት አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትለዋን አበቃቅዬ በስድስተኛው ቀን አገኘሁት። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። ካባው ሳይከፈት ጅረቱ ተለክቶ ነበር! ፒኤች 8 ነጥብ ምናምን፣ የቦሌዋ ምንጭ ሳትቀር። እኔ በ2010 አዳራሽ ውስጥ 5.1 ብዬ ስጮህ ትክክለኛው ቁጥር መቶ ሜትር የማይርቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ገለጥ ሳደርግ ደግሞ የተጠረገው አፈር ከጅረቱ ርቆ እንደሚከመርና የደለል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እንደሚቆፈር ተጽፏል። ጉድጓድ የለም። ክምሩም ጅረቱ አፋፍ ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ ወደ አዳራሽ አልሮጥኩም። ደብተሩንና የሰነዱን ገጽ ይዤ ወደ ካባው ሄድኩ። ያ ወጣት ባለሙያ አሁንም አለ። ደብተሩን ረጅም ጊዜ አገላበጠው። የባፈሩን ዓምድ ሲያይ ትንሽ ፈገግ አለ። «አብረን እንቅዳ» አልኩት። በሚቀጥለው ዝናብ አብረን ቀዳን። ከአንድ ባልዲ፣ እያማሰልን፣ ለእሱ ጥቂት ለእኔ ጥቂት እያፈራረቅን ሁለት ጠርሙስ ሞላን፤ እሱ ወደ ራሱ ላብራቶሪ ላከ፣ እኔም ወደ እኔ። ተቀራራቢ ቁጥር መጣ። ከዚያ በኋላ የሚያከራክር ነገር አልቀረም። ጉድጓዱ በጥቅምት 2012 ተቆፈረ። ነሐሴ ሲደርስ ይሞላል፤ ጠርገው ባዶ እንዲያደርጉት በየዓመቱ እንጨቃጨቃለን። በሞላ ጎደል ይሠራል።

አሁን ሰዉን ያስቀየመውን ልንገራችሁ። ተቅማጡን። የባክቴሪያ ናሙና በበረዶ ሣጥን ይዘን፣ ከተቀዳ ስድስት ሰዓት ሳይሞላው ላብራቶሪ አደረስን። የሰገራ ባክቴሪያ ከካባው በታች ሞልቷል። ከካባው በላይም እኩል ሞልቷል። ከብቱ፣ ሜዳ ላይ የሚወጣው ሰው፣ ዝናቡ። ድፍርሱ ነገሩን ያብሰዋል፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ጀርሞቹ ስለሚሸሸጉ ውሃ አጋር እንኳን ጠብታው በደንብ አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ አስተኝታችሁ አጥሩ፣ ከዚያ ጠብታውን ጨምሩ ወይም አፍሉት። የበሽታው ሥር ግን ካባው አልነበረም።

ይህን ለእድሩ ስናገር አንዱ ተነስቶ «ስንት ከፈሉህ?» አለኝ። ከዚያ አዳራሽ ይልቅ ይሄ ነው ያመመኝ። ያን ጊዜ ተሳስቼ ነበር፤ አሁን ትክክል ነኝ፤ ስድቡ ግን የአሁኑ ከፋ። መልስ አልሰጠሁም። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ቤት ለቤት ሲዞር ከረመ። ሲመለስልኝ የወጥ ጠብታ ነበረበት። በማግስቱ ዓመት ከላይ ያለች አንዲት ጥሩ ምንጭ ተጎልብታ ታጠረች። ቦኖ ሆናለች። ለጉልበቱ ሰፈሩ ወጣ፤ ድንጋዩን የሰጠው ካባው ነው።

አሁን ደብተሩን የሚይዘው ያ ፍየል ጠባቂ ነው። ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። ባለፈው ሰኔ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ እየሮጠ መጣ። «ቲቸር፣ ዘንድሮ ከታች 4 ነው። ግን ከላይም 4 ሆኗል!» አለኝ። አብረን ወጥተን አየን። ከላይኛው ነጥብ በላይ አንድ ሰው ገደሉን እርከን ሳይሠራ አርሶታል። አፈሩ ቀይ ነው። ማሳው የመሪጌታው የበኩር ልጅ ነው።

«ልጻፈው?» አለኝ።

«ጻፈው» አልኩት። እርሳሱን ልሶ ጻፈው።